ለሳይንስ ሙያ ዝግጅቱ ከየት ይጀመራል? የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ባለፉት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ በአንድነት ለማቅረብ መርጠናል። ጸሐፊዎቹ በዕድሜም በኑሮም ቢለያዩም ሁሉም የሚጠይቁት በሳይንስ ሙያ ለመሰማራት ምን መማርና ምን መልመድ እንደሚያስፈልግ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ የወረዳ ከተማ የምማር የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የፊዚክስ ተመራማሪ መሆን እመኛለሁ። ነገር ግን የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ከተቆለፈ ቆይቷል። ሂሳብም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እየከበደኝ ስለመጣ ፊዚክሱን የምይዘው ፎርሙላውን በመሸምደድ ነው። አሁን ለ12ኛ ክፍል ፈተና እንዲረዳኝ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን እየሠራሁ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ በቅድሚያ ያነሣሽው የተቆለፈውን ቤተ ሙከራ ነው፤ እኔ ግን ሂሳቡን አስቀድማለሁ። በቤተ ሙከራ በኩል የጎደለብሽን ዩኒቨርሲቲ በከፊልም ቢሆን ይሞላልሻል፤ ሂሳብ ሳይገባው የመጣን ተማሪ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስተምርበት ጊዜ የለውም። በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ፊዚክስን ጀምረው ካቋረጡት ተማሪዎች አብዛኞቹን ያሸነፋቸው ፊዚክሱ አልነበረም። የኒውተንን ሕጎች በቃላቸው ያውቃሉ፤ ከአንድ እኩልታ ውስጥ የሚፈለገውን መጠን ለብቻው ማውጣት፣ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል፣ የአንድን መስመር ተዳፋት ከግራፍ ላይ ማንበብ ሲመጣ ግን እጃቸው ይታሰራል። እነዚህ ደግሞ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባሉት መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙ ትምህርቶች ናቸው።

ስለዚህ ሳታፍሪ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ተዋሺና የየምዕራፉን መጨረሻ መልመጃ ያለ ካልኩሌተር መሥራት ጀምሪ። ቀላሉን በፍጥነት ታልፊዋለሽ፤ እጅሽ የሚቆምበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ግን ቀዳዳው እዚያ መሆኑን ዕወቂና ሳትደፍኚው አትለፊ። ከዚያም የ9ኛውንና የ10ኛውን፣ በተለይ እኩልታን፣ ኤክስፖነንትን፣ ሎጋሪዝምንና ትሪጎኖሜትሪን በዚያው መንገድ ተያያዢው። አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፦ ከአጋዥ መጽሐፍ ላይ የተሠራ መልስ አንብቦ «ገባኝ» ማለት ብዙ ተማሪዎችን አታልሏል። መልሱን ካነበብሽ በኋላ መጽሐፉን ዝጊና ያንኑ ጥያቄ በባዶ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥሪው። ካልወጣልሽ ገና አልገባሽም ማለት ነው።

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን መሥራትሽን አትተዪ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሺ ይሆናል፤ ፈተናውን ሳያልፉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ መግባት ስለማይቻል ጉዳዩን አቅልዬ አላይብሽም። ነገር ግን የምርጫ ጥያቄ የሚያለማምድሽ ከአራት መልስ አንዱን መለየትን ሲሆን፣ ሳይንስ የሚጠይቅሽ ደግሞ ምርጫ በሌለበት መልስ ማውጣትን ነው። አማራጮቹን በወረቀት ሸፍነሽ መልሱን ራስሽ ካወጣሽ በኋላ ብቻ ብታመሳክሪ በአንድ ሥራ ለሁለቱም ትዘጋጂያለሽ።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው እንምጣ። የማይለጠጥ ክር፣ ትንሽ ድፍን ብረት ወይም ድንጋይ፣ ሜትር እና የእጅ ስልክ ካገኘሽ ቁም ነገር ያለው የፊዚክስ ሙከራ ልትሠሪ ትችያለሽ። ክሩን በበር መቃን ላይ ካለ ምስማር እሰሪው፤ ርዝመቱን ከምስማሩ እስከ ብረቱ መሐል ለክተሽ 1 ሜትር አድርጊው፤ ከዚያ ብረቱን ጥቂት ብቻ ወደ ጎን ሳብ አድርገሽ ልቀቂውና ደርሶ መልሱን በስልክሽ ሰዓት ለኪ። አንድ ደርሶ መልስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጣትሽ ሰዓቱን ሲያስነሣና ሲያቆም 0.2 ሰከንድ ቢሳሳት፣ አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ከለካሽ ስህተቱ 10 በመቶ ነው፤ 20 ደርሶ መልስ ለክተሽ ለ20 ብታካፍዪ ግን ያው የጣት ስህተት ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። ስለ ልኬት ስህተት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትምህርት በየትኛውም ውድ መሣሪያ አታገኚም።

ቀጥለሽ ክሩን 75፣ 50 እና 25 ሴንቲ ሜትር እያደረግሽ ድገሚው። ርዝመቱ በአራት ሲከፈል ጊዜው በሁለት ብቻ እንደሚከፈል ታያለሽ። በአግድሙ መስመር ላይ ርዝመቱን በሜትር፣ በቁሙ ላይ የአንዱን ደርሶ መልስ ጊዜ ስኩዌር አድርገሽ ነጥቦቹን ብታስቀምጪ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። 39.5ን (ይህም የፓይ ስኩዌር በ4 ሲባዛ የሚገኘው ነው) ለዚያ መስመር ተዳፋት ብታካፍዪ የመሬት ስበት አክስለሬሽንን ታገኛለሽ፤ እንደ እናንተ ባለ ደጋ አገር በጥንቃቄ ከተሠራ 9.77 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ መውጣት አለበት። ቅድም ያልኩሽ የ8ኛ እና የ9ኛ ክፍል ሂሳብ ሥራ ላይ ሲውል የምታዪው እዚህ ነው።

ሌላም ልጨምርልሽ። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ብለሽ ተምረሻል፤ ይህ የሚሠራው በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር ብታገኚና 92 ብታነቢ ምን ትጽፊያለሽ? መጽሐፉ 100 ስለሚል 100 ብለው የጻፉ፣ አልፎም «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ያሉ ተማሪዎችን አውቃለሁ። ያየሽውን ትተሽ ይጠበቃል ያልሽውን መጻፍ በጊዜ ካልተነቀለ ዕድሜ ልክ አብሮሽ የሚኖር ልማድ ነውና ከአሁኑ ተጠንቀቂው። ለዚህ የሚረዳሽ አንድ ደብተር ለሙከራ ብቻ መመደብ ነው፦ ቀኑን፣ የተጠቀምሽበትን ዕቃ፣ ያነበብሽውን ቁጥር ሁሉ፣ የማይመስለውንም ጭምር፣ በእስክሪብቶ መዝግቢ። ስህተት ስትጽፊ አትደልዢው፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ሠርዢው። በእያንዳንዱ ሙከራ መጨረሻ ምን እንዳደረግሽና ምን እንዳገኘሽ ግማሽ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፊበት። ወደፊት ንባብሽም ፈተናሽም ሪፖርትሽም በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ በሰዋስው መልመጃ ብቻ የማይገኘውን የሳይንስ አጻጻፍ የምትለምጂው በዚህ ነው።

ስለ ተቆለፈው በርም ዝም አትበዪ። ሦስት አራት ሆናችሁ የፊዚክስ መምህራችሁን በትሕትና ጠይቁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ጠርገን፣ ዕቃውን ቆጥረን፣ የሚሠራውን ከማይሠራው እንለይ በሏቸው። ብዙ ጊዜ በሩ የሚቆለፈው ዕቃ ቢጠፋ በኃላፊነት የሚጠየቅ ሰው ስለሚፈራ ነው፤ ተማሪዎች ፈርመው ሲረከቡ ሊከፈት ይችላል። በአቅራቢያችሁ ያለው ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሂሳብ) ማዕከል ካለው ደግሞ በክረምት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይቀበል እንደሆነ ርዕሰ መምህራችሁ በደብዳቤ እንዲጠይቁላችሁ አድርጉ።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ነዋሪ የሆንኩ እናት ነኝ። ልጄ 12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አጠናቃለች። ቤተሰቡ ሁሉ ሕክምና እንድትማር ቢፈልግም እርሷ ኬሚስትሪ ካልሆነ አልማርም ብላለች። የኬሚስትሪ ተመራቂ መጨረሻው አስተማሪነት ነው እየተባለ ስለሚወራ ሰግቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ስጋትዎ ከእናትነት የመጣ ስለሆነ በእውነተኛው መረጃ ልመልስልዎ። ኬሚስትሪን እስከ መጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ተምሮ ተመራማሪ መሆን አስቸጋሪ ነው። የምርምር ሥራ የሚጀምረው በአብዛኛው ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ ሲሆን፣ ራሱን ችሎ ምርምር ለመምራት ሦስተኛ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ልጅዎ ከዛሬ ጀምሮ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ትምህርት ይጠብቃታል ብለው ያስቡ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዝም የሚያኩራራ አይደለም። ይህን አስቀድማ ብታውቀው ይሻላል።

በሌላ በኩል «መጨረሻው አስተማሪነት ነው» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ ማስተማርም ቢሆን የሚናቅ ሥራ አይደለም። የመድኃኒት፣ የመጠጥና የምግብ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍል ያለ ኬሚስት አይሠራም። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በግብርና ምርምር ማዕከላት የአፈርና የምግብ ቤተ ሙከራዎች፣ በማዕድንና በውሃ ጥራት ምርመራ ኬሚስቶች ይፈለጋሉ። ሕክምናና ሳይንስም እንደሚታሰበው የተራራቁ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የሥጋ ደዌን ለማጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ዛሬ ሐኪሞችና የሳይንስ ባለሙያዎች ጎን ለጎን የሚሠሩበት ተቋም ነው።

እንግዲህ ልጅዎን የሚጠይቋት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ኬሚስትሪ የምትወጂው ውጤትሽ ጥሩ ስለሆነበት ነው ወይስ ሥራውን ራሱን? ሁለቱ ይለያያሉ። ለማወቅ ደግሞ ኬሚስት በሆነ ዘመድ ወይም ጎረቤት በኩል አንድ ቤተ ሙከራ ለጥቂት ቀናት ገብታ እንድታይ ያድርጉ። ኬሚስት ቀኑን የሚያሳልፈው ናሙና በመመዘን፣ ዕቃ በማጠብ፣ አንዱን ምርመራ ሦስት ጊዜ በመድገምና በመመዝገብ ነው። ይህን አይታ አሁንም ከፈለገች፣ የእኔ ምክር እንዲፈቅዱላት ነው። በግድ ሕክምና ገብተው ልባቸው ሌላ ቦታ የቀረ ወጣቶችን አይቻለሁ፤ ለእነርሱም ለታካሚዎቻቸውም አይበጅም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከፍሬሽማን በኋላ ኮምፒውተር ሳይንስ መርጬ የነበረ ቢሆንም የተመደብኩት ዕፅዋት ሳይንስ ነው። ጓደኞቼ «ገበሬ ልትሆን ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ትምህርቱን ለመውደድ እየሞከርኩ ነው፤ ግን ከዚህ ተነሥቼ ሳይንቲስት መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከኢትዮጵያ ወጥተው በዓለም የታወቁትን ተመራማሪዎች ብትቆጥር የእርሻና የዕፅዋት ሳይንስ ድርሻ ከፍተኛ መሆኑን ታያለህ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በወሎንኮሚ አካባቢ በድህነት ያደጉ፣ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተምረው ከዓለማያ ኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ የተመረቁ ናቸው። በኋላ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዲግሪያቸውን ሠርተው በሱዳን ድርቅን የሚቋቋም ድቅል ማሽላ፣ ቀጥሎም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ያበረከቱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙም የተነሡት ከዕፅዋት ሳይንስ ነው፤ ከመኖ ሣር ጋር ተስማምተው በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ከተቀበሉት አንዷ ሆነዋል። አቀንጭራ ማሳውን የወረረበትን ገበሬ የሚያውቅ ሰው «ገበሬ ልትሆን ነው» የሚለውን ቀልድ ሊስቅበት አይችልም።

የኮምፒውተር ፍላጎትህም ከንቱ አልቀረም፤ እንዲያውም ከብዙ የክፍል ጓደኞችህ የምትበልጥበት እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል። የዛሬ ዝርያ ማሻሻል ያለ ስታቲስቲክስና ያለ ኮምፒውተር አይታሰብም። አር እና ፓይተን የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ አንዱን መርጠህ በክፍል የምትማረውን የስታቲስቲክስ ስሌት በእርሱ መሥራት ልመድ። ነገር ግን ከፕሮግራሙ በፊት ሐሳቡ ይግባህ። ለምሳሌ አምስት የጤፍ ዝርያ በተዳፋት ማሳ ላይ ብታወዳድርና አንዱን ዝርያ ብቻ ውሃ በሚተኛበት ከታች ብትዘራው፣ ምርቱ ሲበልጥ የበለጠው ዝርያው ይሁን ውሃው መለየት አትችልም። ማሳውን ከላይ እስከ ታች በሦስት ወይም በአራት ክፍል ከፍለን፣ በእያንዳንዱ ክፍል አምስቱንም ዝርያዎች በዕጣ የምንደለድለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የገባው ተማሪ የመድኃኒት ሙከራንም፣ የማዳበሪያ ሙከራንም ማንበብ ይችላል።

የክረምት ዕረፍትህን በከንቱ አታሳልፍ። ደብረ ዘይት በጤፍ፣ ኩሉምሳ በስንዴ፣ ጅማ በቡና፣ መልካሳ በአትክልትና ፍራፍሬ የሚታወቁ የምርምር ማዕከላት ናቸው። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የተገኘው በደብረ ዘይት ሁለት ዝርያዎችን በማዳቀል ነው፤ የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ይህ በማጉያ ሥር የሚከናወን፣ ትዕግሥት የሚፈትን የእጅ ሥራ ነው። ከትምህርት ክፍልህ የትብብር ደብዳቤ ይዘህ ለመርዳት ብቻ እንደምትፈልግ ብትነግራቸው፣ አንዱ ማዕከል እንቢ ቢል ሌላው ሊቀበልህ ይችላል። ዘር መቁጠርና የዕፅዋት ቁመት መለካት ቢሰጡህ ሥራዬ አይደለም አትበል፤ ማስታወሻህን ይዘህ በየቀኑ የማይገባህን አንድ ነገር ጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ለሚወስዱት የመውጫ ፈተና የክፍል ትምህርትህን መያዝ እንዳለብህ አትዘንጋ፤ የመመረቂያ ጥናትህን ግን ከተመራቂዎች ገልብጠህ እንዳትሠራ አደራህን። ብዙዎች በኩረጃ የሚያልፉት ያ ሥራ፣ አንተ በትክክል ከሠራኸው፣ ወደፊት ለሚቀጥሩህና ለሚያስተምሩህ ሁሉ የምታሳየው የመጀመሪያ ማስረጃህ ነው።

የሚታይን ነገር ልብ ማለት ምን ያህል እንደሚያደርስ የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አስተዋሉ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ነገሩን ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። በእንዶድ ልብስ ሲታጠብ የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው፤ የሞተውን ቀንድ አውጣ ከበሽታው ጋር ለማያያዝ ግን የጥገኛ ተውሳክን የሕይወት ዑደት የተማረ ዓይን ያስፈልግ ነበር። አንተም ክፍል ውስጥ የምትማረውን ዑደትና ሰንጠረዥ ለፈተና ብቻ የምትይዘው ከሆነ ማሳ ላይ ስትወጣ የምታየው አይኖርም።

ጥያቄ፦ በፊዚክስ ተመርቄ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህር ነኝ። ወደ ውጭ አገር ወጥቼ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ። ገንዘብ የለኝም፤ አንድ ደላላም ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ ብሎ ክፍያ ጠይቆኛል። በምን መንገድ ልዘጋጅ?

መልስ፦ መምህር፣ ለደላላው አንድ ብር እንዳይከፍሉ። በሳይንስ ዘርፍ እውነተኛ የነጻ ትምህርት ዕድል የሚሰጠው ራስዎ ባዘጋጁት ማመልከቻ ሲሆን፣ በማንም በኩል አይሸጥም።

መንገዱ እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ብዙ የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው በቀጥታ ለሦስተኛ ዲግሪ ይቀበላሉ፤ ትምህርቱ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ሲሆን፣ ተማሪው የማስተማር ወይም የምርምር ረዳት ሆኖ እየሠራ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ ለኑሮውም ይከፈለዋል። በጀርመንና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን ከሁሉ በፊት የሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። ከመጀመሪያ ዲግሪዎ በኋላ ሂሳቡና ፊዚክሱ ትንሽ ከራቀዎ፣ ለእርስዎ ከሁሉ የሚስማሙት ሁለት ቦታዎች ይመስሉኛል። አንዱ ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 በጣሊያን ትሪየስት ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ነው፤ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይሰጣል። ሌላው በሩዋንዳና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ማዕከላት ያሉት የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው። ሁለቱም በቀጥታ በየድረ ገጻቸው ማመልከቻ ይቀበላሉ።

ማመልከቻዎ ሲታይ ክብደት የሚኖረው ሦስት ነገር ነው። ትራንስክሪፕትዎ ተመርቀዋልና አይለወጥም። የዓላማ መግለጫዎን ግን ደጋግመው መጻፍ ይችላሉ፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» ከሚል መግቢያ ይልቅ የሠሩትን አንድ ጥናት፣ ያጋጠመዎትን ችግርና እንዴት እንደፈቱት በዝርዝር ይጻፉበት። ለተማሪዎችዎ በአካባቢ ዕቃ ያዘጋጁት ሙከራ ካለ እርሱም ይጠቀስ፤ በበኩሌ እንዲህ ያለው ተሞክሮ ከአንድ ተጨማሪ ሰርተፊኬት እንደሚበልጥ አምናለሁ። ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን በማዕረግ ትልቅ ከሆነ ሰው ይልቅ ሥራዎን በቅርብ ያየ፣ የመመረቂያ ጥናትዎን ያማከረ መምህር ቢጽፈው ይመረጣል፤ ትልቁ ሰው የሚጽፈው አጠቃላይ ነገር አንባቢውን አያሳምንም። መምህሩን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይጠይቋቸው፤ ትራንስክሪፕትዎን፣ የዓላማ መግለጫዎንና የየትምህርት ቤቱን የመጨረሻ ቀን በአንድ ወረቀት ዘርዝረው ይስጧቸው።

የእንግሊዝኛ ፈተናና የማመልከቻ ክፍያ ወጪ ስላለው ከማመልከትዎ በፊት ለየትምህርት ክፍሉ በኢሜይል ጽፈው የክፍያ ምሕረት ይሰጡ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለሚጠይቅ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ዘንድ ሄደው የወጪ መጋራት ግዴታዎ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ያጣሩ። በአገልግሎት የሚሸፈን ከሆነ ከትምህርት ቤትዎ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግዎ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ፤ ይህ ሳይጠራ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስለማይለቀቅ፣ ተቀባይነት አግኝተው ሳለ በዚህ ብቻ ዓመት ያለፈባቸው ሰዎች አሉ።